«ብርድ ነው» እያልን የምናጣቸው ጣቶች፦ በኦቶኢሚውን ሕክምና ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ገና በር ስንከፍት እጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው የሚጠብቁ እናት አይጠፉም። ከመንዝ ወይም ከአንኮበር በኩል ሌሊት ተነስተው የመጡ ናቸው። «ልጄ፣ ያቺን የቁርጥማት መርፌ ስጠኝ» ይሉኛል። «እማማ፣ እስኪ እጅዎን ልየው» እላለሁ። የሁለቱም እጅ ጣቶች ከሥራቸው አብጠዋል። ጭብጥ አይሉም። «ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ስላቸው «ሁለት ክረምት» ይሉኛል።

ይህን የምጽፈው ለእሳቸው ልጆች ነው። ስልክ ይዛችሁ የምታነቡት እናንተ ናችሁና።

በብርድ ማሳበብ

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ የታመመ መገጣጠሚያን ሕመምም ያባብሳል። መገጣጠሚያ የሚበላው ግን ብርድ አይደለም። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው በሽታ ቆላ ወርደው ሸዋ ሮቢት ቢኖሩም አይለቅም። ሰውነትን ከጀርም እንዲጠብቅ የተሠራው መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲወጋ የሚመጣ ነው። ውጊያው የሚፈጥረው እብጠት፣ ሙቀትና ሕመም ብግነት ይባላል። እንዲህ መከላከያ የራሱን አካል ሲወጋ የሚመጡት በሽታዎች ኦቶኢሚውን ይባላሉ፣ ብዙ ናቸው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያንና ኩላሊትን ሊይዝ የሚችለው ሉፐስም አንዱ ነው።

ምልክቱን ልብ በሉ። ጠዋት ሲነሱ እጅ ግትር ብሎ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ አንዳንዴም ከሰዓት በላይ አልፍታታ ይላል። አክንባሎ ማንሳት ይከብዳል። ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል። ሕመሙ ሁለቱንም እጅ ይይዛል፣ ድካምም አብሮት አለ። ሴቶችን ከወንዶች በሁለትና በሦስት እጥፍ ያጠቃል። እብጠቱ ስድስት ሳምንት ካለፈው ሐኪም ይየው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ወርቅ ናቸው። አጥንቱ አንዴ ከተቦረቦረ የትኛውም መድኃኒት መልሶ አይሞላውም።

ሁሉንም «ሪህ» ብሎ መጥራት

በእኛ አገር ሪህ የማይሆን ሕመም የለም። ዋናው ሪህ ዩሪክ አሲድ ደም ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያ ላይ እንደ ጨው ሲጋገር የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣትን በድንገት ይይዛል። ሥጋ ቀንስ የሚባለው የዚህ ሕመምተኛ ነው። ሩማቶይድ ያለባት እናት ግን ሥጋ ተከልክላ፣ እንቁላል ተከልክላ፣ ደሟ አንሶ ትመጣለች። ልቤን የሚያመኝ ይሄ ነው።

ሌላው ኤኤስኦ የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ፖዘቲቭ ሲል «ሪህ አለብሽ» ተብሎ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ይታዘዛል። ምርመራው የሚናገረው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ከዚህ በፊት ጉሮሮን ወይም ቆዳን ይዞ እንደነበረ ነው። መገጣጠሚያው ለምን እንዳበጠ ለብቻው አይነግረንም። አደራ ግን፦ የልብ በር (ቫልቭ) ችግር አለባችሁ ተብላችሁ ወርሃዊ መርፌ የምትወጉ ካላችሁ እንዳታቋርጡ። የእናንተ ጉዳይ ሌላ ነው፣ መርፌው ልባችሁን እየጠበቀ ነው።

መከላከያውን «ማጠናከር»

ከኮሮና ወዲህ የመጣ ነገር ነው። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ በማር የተለወሰ ዱቄት። ለጉንፋን ጦስኝ መጠጣት ምንም አይደለም፣ እኔም እጠጣለሁ። ግን የዚህ ሕመምተኛ መከላከያ አልደከመም። አቅጣጫ ስቷል። ሕክምናው የሚፈልገው እንዲረጋጋ ነው። ስሙ ያልተጻፈበትን ዱቄት ደግሞ በጣም እፈራዋለሁ። በሦስት ቀን «ተአምር» የሚያሳይ ዱቄት ውስጥ ስቴሮይድ፣ ማለትም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ብግነትን የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት፣ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል።

ማስታገሻን እንደ ሕክምና መቁጠር

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ዝም ያሰኙታል። መገጣጠሚያው ግን ከሥር መበላቱን አያቆምም። ለወራት ሲወሰዱ ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ።

ፕሬድኒሶሎንን በራስ ፈቃድ መጀመር፣ በራስ ፈቃድ ማቆም

ስለዚህ መድኃኒት ትንሽ ልቆይ። በፈረንጆቹ 1948 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ፊሊፕ ሄንች የሚባል ሐኪም መንቀሳቀስ ላቃታት አንዲት የሩማቶይድ ሕመምተኛ ኮርቲሶን የሚባለውን ስቴሮይድ ሰጣት። በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። በ1950 ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ዓለም ፈውስ ተገኘ ብሎ ጨፈረ። ብዙም ሳይቆይ ጉዳቱ መታየት ጀመረ፦ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የአጥንት መሳሳት፣ የዓይን ሞራ። የኮርቲሶን ዘመድ የሆነው ፕሬድኒሶሎንም ጥቅሙም ጉዳቱም ያው ነው።

እኛ ጋ ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል። ፕሬድኒሶሎን ፊትን ድብልብል ያደርጋል። ጎረቤት «ወፈርሽ፣ አማረብሽ፣ ተስማማሽ» ይላል። ሕመሙም ስለጠፋ ሰው ያለ ማዘዣ ደጋግሞ ይገዛዋል። ያ ውፍረት ጤና አይደለም።

ማቆሙ ደግሞ ከመጀመሩ የባሰ ነው። ኪኒኑ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ የራሱን ሆርሞን መሥራት ሊያቆም ይችላል። በአንድ ቀን «በቃኝ» ሲባል ሰውነት ባዶ ይቀራል። ደም ግፊት ይወርዳል፣ ትውከት፣ ራስን መሳት፣ ሞትም ይመጣል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ከቤት ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው መግዛት አትርሱ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለ እናውቀዋለን።

ሜቶትሬክሴትን በየቀኑ መዋጥ

ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ። መከላከያውን የሚያረጋጋው ሜቶትሬክሴት ለሩማቶይድ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሌላው ኪኒን ሁሉ በየቀኑ ስለሆነ ሰው በልማድ ይሳሳታል። በየቀኑ የወሰደ ሰው አፉ ይቆስላል፣ የደም ሴሎቹ ያልቃሉ፣ ይሞታልም። በብዙ አገሮች በዚህ ስህተት ሰው ሞቷል።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። «እማማ፣ የሰፈርዎ ገበያ መቼ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ቀኗን በአማርኛ በትልቁ እጽፋለሁ። የገበያ ቀን ማንም አይረሳም። የሜቶትሬክሴትን ጉዳት የሚቀንሰው ቪታሚን፣ ፎሊክ አሲድ፣ በሌላ ቀን ይሁን ከተባለ እሱንም ለብቻው እጽፋለሁ። ከዚያ ለልጃቸው ደውዬ እደግመዋለሁ።

መድኃኒቱ ቶሎ አይሠራም። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። «ወር ወሰድኩት፣ ምንም የለውም» ብለው የሚጥሉት ብዙ ናቸው። ሊሠራ ሲል ነው የሚጥሉት። በየጊዜው የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ አለው። የሩቅ አገር ሰው ይከብደዋል፣ አውቃለሁ፣ ግን ጉበት ሲጎዳ በመጀመሪያ አያምም። አረቄም አብሮት አይሄድም። ጠላውንም ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት። ለመውለድ ያሰበች ሴት ደግሞ ከማርገዟ ወራት ቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት። መድኃኒቱ ጽንስ ይጎዳል፣ በእርግዝና ጊዜ የሚሆን ሌላ አማራጭ አለ።

ሳልንና የሆድ ትልን ሳያስመረምሩ መድኃኒት መጀመር

በ1992 ለንደን ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል ውስጥ ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ቲኤንኤፍ የሚባለውን የብግነት መልእክተኛ የሚያግድ መድኃኒት በሕመምተኞች ላይ ሞከሩ። ሠራ። ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ የሚባሉት መርፌዎች የዚህ ልጆች ናቸው። በ2001 ግን አንድ ነገር ተስተዋለ፦ ተኝቶ የነበረ ቲቢ በእነዚህ ሰዎች ላይ ይነሳል። ያው ቲኤንኤፍ ሳንባ ውስጥ የቲቢን ባክቴሪያ አጥሮ የያዘው ግንብ ምሰሶ ኖሯል። ምሰሶው ሲነሳ ግንቡ ይፈርሳል።

ቲቢ በበዛበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው ካለ ተናገሩ። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ አትደብቁ። የጉበት ቫይረስ ምርመራም ቀድሞ ይደረግ። በባዶ እግሩ እርሻ የሚውል ሰው ደግሞ ስትሮንጊሎይደስ የሚባል ትል ሊኖርበት ይችላል። በስቴሮይድ ጊዜ ይህ ትል በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ይገድላል። ሰገራ መመርመር ማንንም አያሳፍር።

ፀበልና ጾም ሲመጣ መድኃኒቱን መተው

ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ በዚሁ በዞናችን ናቸው። እናቴም ትሄዳለች። መሄዱ መልካም ነው፣ ኪኒኑ ግን በቦርሳ አብሮ ይሂድ። በጾም ደግሞ ፕሬድኒሶሎን በባዶ ሆድ ተውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ጨጓራን ይልጣል። ንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ሕመምተኛን ጹም ብለው አያስጨንቁም።

የነገን መድኃኒት እየጠበቁ የዛሬውን መጣል

በ2025 የኖቤል ሕክምና ሽልማት ለሺሞን ሳካጉቺ፣ ለሜሪ ብሩንኮውና ለፍሬድ ራምስዴል ተሰጠ። መከላከያው ራሱን እንዳይወጋ የሚገቱ ጠባቂ ሴሎች እንዳሉ በማሳየታቸው ነው። ሳካጉቺ ይህን ጥናት ያወጣው በ1995 ነበር። ጀርመን ኤርላንገን ውስጥ ደግሞ የሕመምተኛውን የራሱን ሴል አውጥቶ፣ አሠልጥኖ መልሶ በመስጠት ከባድ ሉፐስን ያረጋጉ ሐኪሞች አሉ። በ2022 የአምስት ሰዎችን ውጤት አወጡ። ሳነብ እንባዬ ነው የመጣው፣ እውነቴን ነው።

ቲክቶክ ላይ ግን «ሉፐስ መድኃኒት ተገኘለት» ተብሎ ነው የሚደርሰን። ባለፈው አንዲት ወጣት ይህን አይታ የሉፐስ መድኃኒቷን ሃይድሮክሲክሎሮኪንን አቆመች። በሁለት ወሯ እግሯ አብጦ፣ ሽንቷ አረፋ ሆኖ መጣች። ሉፐሱ ኩላሊቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። አሁን መድኃኒቷን ጀምራለች፣ መድኃኒቱ ዓይን ሊነካ ስለሚችል ዓይኗንም በየዓመቱ ትመረመራለች። ቀጠሮዋን ስልኳ ላይ ሞልቼላታለሁ፣ በእኔም ስልክ ላይ አለ።