ለተቸገሩ ተማሪዎች የመጣ ተጨማሪ በጀት፦ እንዴት ሥራ ላይ ይዋል?

ተጨማሪ በጀት ትምህርት ቤት ሲደርስ ፈላጊው ብዙ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ አለ፣ የተበላሸ ፎቶኮፒ ማሽን አለ። ለተቸገሩ ልጆች የተባለው ገንዘብ በዚህም በዚያም ተሸራርፎ ሲያልቅ አንድም ሳንቲም ሳይሰረቅ ልጆቹ ባሉበት ይቀራሉ። ስለዚህ ከግዢ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ።

1. ልጆቹን ለዩ። እንግሊዝ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ፒዩፕል ፕሪሚየም» የተባለ ድጎማ ለትምህርት ቤቶች ትሰጣለች። በዋናነት የሚሰላው ባለፉት 6 ዓመታት ውስጥ ነፃ ምሳ የማግኘት መብት እንደነበራቸው በተመዘገቡ ልጆች ቁጥር ነው። ወደኋላ ሄዶ መቁጠሩ ተገቢ ነው፤ ወላጅ ዘንድሮ ሥራ ስላገኘ ልጁን ያመለጠው ትምህርት ወዲያው አይመለስም። ማመልከት የሚያፍሩ ወላጆች ስላሉ የነፃ ምሳ ማመልከቻ ቅጹን በምዝገባ ጊዜ ሁሉም እንዲሞሉት ማድረግ ይሻላል።

2. እንቅፋቱን ፈልጉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። «ድሃ ስለሆነ ነው» መልስ አይደለም። በሒሳብ የሚወድቅ የ7ኛ ክፍል ተማሪ አለ እንበል። ጥያቄውን ጮክ ብላችሁ አንብቡለትና ይሥራው። ከሠራው ያስቸገረው ሒሳቡ ሳይሆን ንባቡ ነው፤ የሒሳብ ማጠናከሪያ ቢከፈልለት ገንዘቡ ባከነ። ሌላዋ የምታረፍደው ታናሽ ወንድሟን አድርሳ ስለምትመጣ ይሆናል። ሌላው ሰሌዳው አይታየውም። ይህን ከውጤት ካርድ ላይ አታገኙትም፤ የክፍሉን መምህርና ልጁን ራሱን ጠይቁ።

3. ገንዘቡን መድቡ፣ ቅድሚያውን ለክፍል ውስጥ ማስተማር ሰጥታችሁ። የትኛው የትምህርት ድጋፍ እንደሚሠራ የሚያጠናው የእንግሊዙ በጎ አድራጎት ድርጅት ኤዱኬሽን ኢንዳውመንት ፋውንዴሽንም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ልጁ አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው ከመደበኛ መምህሩ ጋር ነውና። መምህራን እንዲሠለጥኑ፣ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ እንዲያይ ተተኪ መምህር መቅጠር ከአዲስ ኮምፒውተር ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ቀጥሎ የማጠናከሪያ ትምህርት ይመጣል፦ ከ3 እስከ 5 ልጆች፣ አጭርና ተደጋጋሚ፣ ክፍል ውስጥ ከሚማሩት ጋር የተያያዘ። ረዳት መምህር ካለ፣ ደካማ የተባሉትን ልጆች ጠቅልሎ ለእሱ መተው ትልቅ ጥፋት ነው። ይበልጥ የሚቸገረው ልጅ ይበልጥ የሠለጠነው መምህር ይገባዋል፤ ረዳቱ የሠለጠነበትን የተወሰነ ሥራ ይያዝ። ቁርስ፣ መነጽርና የትምህርት ጉዞ ክፍያ ከዚህ በኋላ ይከተላሉ። ልጅ ከራበው ወይም ሰሌዳው ካልታየው ግን ተራ መጠበቅ የለበትም።

ገንዘቡን በነፍስ ወከፍ ማካፈል አያስፈልግም፤ እንግሊዝም ይህን አታስገድድም። የተረጂዎች ስም ዝርዝር ግን ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፣ ልጆቹም በተለየ ሰልፍ አይቁሙ።

4. ጻፉ፣ ተከታተሉ። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ዕቅዳቸውን በየዓመቱ እስከ ዲሴምበር 31 በድረ ገጻቸው ማውጣት አለባቸው። እናንተም እንቅፋቱን፣ የሚሠራውን፣ ወጪውንና ለውጡ በምን እንደሚታወቅ በአጭሩ ጻፉ። ድጋፉ ከመጀመሩ በፊት የልጁን ንባብ ፈትኑ፤ ከመንፈቅ ዓመት በኋላ በዚያው መለኪያ ድገሙት። ለውጥ ከሌለ መጀመሪያ ልጁ ከድጋፉ ክፍለ ጊዜ መቅረት አለመቅረቱን አጣሩ። ሳይቀር ተከታትሎም ካልተሻሻለ፣ ዓመቱ እስኪያልቅ ሳትጠብቁ ያንን ድጋፍ አቁሙና ገንዘቡን ውጤት ወዳሳየው አዙሩት።