ስለ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ከቃሉ ይጀምራል። «ኦርጋኒክ» በገበያ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሳይነካው የተመረተ ሰብል መጠሪያ ስለሆነ፣ ብዙዎች በኬሚስትሪም «ተፈጥሯዊና ጤናማ» ማለት ይመስላቸዋል። በኬሚስትሪ ግን የካርቦን ውህዶችን፣ በተለይም ካርቦን ከሃይድሮጅን የተሳሰረባቸውን ስለሚያመለክት፣ ቤንዚንም፣ ፕላስቲክም፣ አብዛኞቹ ፀረ ተባዮችም ኦርጋኒክ ናቸው። ካርቦን ያለበት ሁሉ ኦርጋኒክ ነው ማለትም አይደለም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዚህ ምድብ ውጭ ነው።

ሁለተኛው፣ እነዚህ ሞለኪውሎች ከሕያዋን ብቻ ይገኛሉ ማለት ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ቮለር በ1828 እ.ኤ.አ. ሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ ያለ ኩላሊት በቤተ ሙከራ ሠርቷል። የድሮው እምነት ርዝራዥ ግን ዛሬም አለ፤ ከፍሬ የተገኘ ቫይታሚን ሲ በፋብሪካ ከተሠራው ይበልጣል የሚሉ አሉ፣ ሞለኪውሉ ግን አንድ ነው። በተቃራኒው በጠፈር ኦርጋኒክ ሞለኪውል ተገኘ ሲባል ሕይወት ተገኘ ብሎ መደምደምም ያው ስህተት ነው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ መርቺሰን አጠገብ በወደቀው የጠፈር ድንጋይ ያለ ሕያው ፍጡር የተፈጠሩ አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ሞለኪውሎች) ተገኝተዋልና።

ከሁሉ ይልቅ ተማሪን የሚያሳስተው አቶም ቆጥሮ ሞለኪውሉን አወቅሁት ማለት ነው። ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሁለቱም 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን አላቸው፤ የአቶሞቹ አደራደር ስለሚለያይ ግን ሁለት የተለያዩ ስኳሮች ናቸው። ስታርችና ሴሉሎስ ደግሞ ሁለቱም የግሉኮስ ሰንሰለቶች ሆነው ሳለ የሚለያዩት አንዱ ግሉኮስ ከቀጣዩ ጋር በሚያያዝበት አቅጣጫ ነው። ይህች ጥቂት የምትመስል ልዩነት አንዱን ምግብ፣ ሌላውን የእንጨትና የጥጥ አካል አድርጋዋለች፤ ስታርችን የሚቆርጠው ኢንዛይማችን የሴሉሎስን ትስስር መቁረጥ አይችልምና። ሁለት ሞለኪውሎች እንደ ቀኝና ግራ እጅ መስተዋታዊ ምስል ብቻ ሲሆኑ እንኳ ሕይወት ትለያቸዋለች፤ ሴሎች ፕሮቲን የሚገነቡት በግራዎቹ አሚኖ አሲዶች ነው።

የመጨረሻው ስህተት ከመምህራን አንደበት ሳይቀር ይሰማል፦ «ትስስር ሲሰበር ጉልበት ይወጣል»። ትስስርን መስበር ምንጊዜም ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት የሚለቀቀው በምትኩ የበለጠ ጠንካራ ትስስር ሲፈጠር ነው። አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ያለ ኦክስጅን ሲብላላ 2 ኤቲፒ (ሴል ለሥራው ጉልበት የሚያገኝበት ሞለኪውል) ብቻ ሲያስገኝ ከኦክስጅን ጋር 30 ገደማ የሚያስገኘውም፣ የኦክስጅን ደካማ ትስስር በካርቦን ዳይኦክሳይድና በውሃ ጠንካራ ትስስር ስለሚተካ ነው።