በፖኬሞን ሚዛናዊ ቡድን ሲያዋቅሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ቡና ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡ ጥቂት ወጣቶች አሉ። ስልካቸውን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው፣ ፖኬሞን ሾውዳውን በተባለው፣ በብሮውዘር በሚሠራውና ክፍያ በማይጠይቀው የውጊያ ማስመሰያ እርስ በርስ ይጋጠማሉ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች ፖኬሞን የሚባሉ፣ እየተቀያየሩ የሚዋጉ ስድስት ምናባዊ ፍጡራንን ያሰልፋል፤ እያንዳንዱ ፍጡር እንደ እሳት፣ ውኃ ወይም ዓለት ያለ አንድ ወይም ሁለት «ዓይነት» አለው፤ የትኛው ጥቃት ምን ያህል እንደሚጎዳውም በዓይነቱ ይወሰናል። ታናሽ ወንድሜን ተከትዬ ወደዚያ መሄድ ከጀመርሁ ወዲህ፣ ከመጫወት ይልቅ ማየት ስለሚቀናኝ፣ የተሸነፉትን ቡድኖች በደብተር መመዝገብ ጀመርሁ። ገጾቹ እየበዙ ሲሄዱ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ አብዛኛው ሽንፈት የሚወሰነው በውጊያው መካከል በተሠራ ስህተት ሳይሆን፣ ስድስቱ አባላት በተመረጡበት ሰዓት መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ከዚያ ደብተር የወጡ ናቸው።

ከሁሉም የከፋውና በብዛት የሚታየው ስህተት ስድስቱን አባላት ለየብቻ በየጉልበታቸው እየመዘኑ መምረጥ ነው። ወንድሜ መጀመሪያ ያዋቀረው ቡድን ቻሪዛርድን፣ ጊያራዶስን፣ ድራጎናይትንና ዛፕዶስን የያዘ ነበር፤ አራቱም ለየብቻቸው ሲታዩ የሚያስፈሩ ናቸው። ይሁን እንጂ አራቱም የበራሪ ዓይነት ስላላቸው፣ አራቱም በዓለት ጥቃት ክፉኛ ይጎዳሉ። ተጋጣሚው ገና በመጀመሪያው ዙር ስቴልዝ ሮክ የተባለውን፣ ሹል ድንጋዮችን በወንድሜ በኩል ባለው ሜዳ የሚበትነውን ስልት ሲጠቀም ውጊያው ያኔውኑ ያለቀ ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጡት ዳይመንድና ፐርል ከተባሉት ጨዋታዎች ጀምሮ ያለው ይህ ስልት፣ ተቀይሮ የሚገባውን ፖኬሞን ለዓለት ባለው ተጋላጭነት መጠን ይጎዳዋል፤ ለዓለት የተለየ ድክመትም ብርታትም የሌለው ከሙሉ ጤናው 12.5 በመቶውን ሲያጣ፣ እጥፍ የሚጎዳው 25 በመቶውን፣ እሳትንና በራሪን አጣምሮ የያዘው ቻሪዛርድ ደግሞ ጉዳቱ አራት እጥፍ ስለሚሆንበት 50 በመቶውን ያጣል። ስለዚህ ቻሪዛርድ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ከገባ ማንም ሳይነካው ይወድቃል ማለት ነው። ወንድሜም የሆነበት ይኸው ነው፤ ቻሪዛርድ አንድም ጊዜ እሳት ሳይተፋ ወደቀ።

መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም ቀላል ነው። በወረቀት ላይ 18ቱን ዓይነቶች ወደ ታች ይጻፉና፣ በእያንዳንዱ ዓይነት አንጻር ከቡድንዎ ስንቱ እንደሚጎዳ፣ ስንቱ እንደሚቋቋም ይቁጠሩ። በአንድ ዓይነት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ አባላት ተጎድተው የሚቋቋም አንድም ከሌለ፣ ከሦስቱ አንዱ ቦታውን መልቀቅ አለበት። እርግጥ ነው፣ ሄቪ ዱቲ ቡትስ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው ጫማ የለበሰውን ፖኬሞን ከድንጋዮቹ ያድነዋል፤ ነገር ግን አንድ ፖኬሞን በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው አንድ ዕቃ ብቻ በመሆኑ፣ ለአራቱም ጫማ ማልበስ ማለት ጉልበት የሚጨምሩትንና ጤና የሚመልሱትን ዕቃዎች ሁሉ መተው ይሆናል።

ቆጠራውን የሠሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ስህተት ይሰናከላሉ፤ ድክመታቸውን ካወቁ በኋላ፣ ጥቃቱ በመጣ ጊዜ ማን ተቀይሮ እንደሚገባ አይወስኑም። በየቀኑ በአጠገቡ የምናልፈው የፋሲል ግቢ 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ ሲሆን 12 በሮች ነበሩት፤ እንቢልታ በር፣ ወንበር በር፣ ባልደራስ በር እየተባሉ ብዙዎቹ በየሥራቸው ይጠሩ ነበር። ቡድንም እንዲሁ ነው፤ ስለ እያንዳንዱ አባል «የየትኛው በር ጠባቂ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ሊኖር ይገባል። የጊያራዶስና የፌሮቶርን ጥምረት ለዚህ የማውቀው ግሩም ማስረጃ ነው። ውኃንና በራሪን የያዘው ጊያራዶስ በኤሌክትሪክ አራት እጥፍ፣ በዓለት ደግሞ እጥፍ ይጎዳል፤ ሣርንና ብረትን የያዘው ፌሮቶርን ሁለቱንም ይቋቋማል። በአንጻሩ ፌሮቶርን በእሳት አራት እጥፍ፣ በድብድብ ዓይነት እጥፍ ሲጎዳ፣ ጊያራዶስ እነዚህን ሁለቱን ይቋቋማል። ተጋጣሚው ኤሌክትሪክ ሊያወርድ ሲዘጋጅ ፌሮቶርን ይገባል፤ እሳት ሊለኩስ ሲል ጊያራዶስ ይመለሳል። አንዱ የሌላውን በር የሚዘጋበት እንዲህ ያለ ጥምረት በቡድኑ ውስጥ ቢያንስ አንድ ከሌለ፣ ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ዙር የሚመርጠው ማን እንደሚሞት ብቻ ይሆናል።

ከመቋቋምም በላይ ጨርሶ አለመነካት አለ፤ ጀማሪዎች የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው። የመሬት ጥቃት በራሪን፣ የመርዝ ጥቃት ብረትን፣ የዘንዶ ጥቃት ፌሪን፣ የሳይኪክ ጥቃት ጨለማን፣ የድብድብ ጥቃት መንፈስን አይነካም። ኤሌክትሪክም የመሬት ዓይነትን አይነካውም፤ በዚህ የተነሣ መብራት በጠፋ ቁጥር ከልጆቹ አንዱ «ዛሬም ሰፈራችን መሬት ዓይነት ሆኗል» ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ያለ አባል ተቀይሮ ሲገባ የተጋጣሚውን ዙር ባዶ ያስቀረዋል፤ አንድ ነጻ ዙር ደግሞ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከጠንካራ ጥቃት የበለጠ ዋጋ ያለው ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስተኛው ስህተት ሁሉንም አጥቂ ማድረግ ነው። ሁሉም ሙሽራ ከሆነ ሚዜ የሚሆነው ማን ነው? ይህን በሚመለከት ከመከራከር ይልቅ እ.ኤ.አ. በ2014 በዋሽንግተን ዲሲ የተካሄደውን የዓለም ሻምፒዮና ማስታወስ ይበቃል። ደቡብ ኮሪያዊው ሴጁን ፓርክ ያን ዓመት ያሸነፈው ፓቺሪሱ የተባለችውን፣ ሰው ሁሉ ለመልኳ እንጂ ለውጊያ የማይፈልጋትን ሽኮኮ መሰል ፖኬሞን በቡድኑ አሰልፎ ነው። ውድድሩ ሁለት ለሁለት የሚካሄድ በመሆኑ፣ ፓቺሪሱ ፎሎው ሚ በተባለው ስልት በአንድ ፖኬሞን ላይ ብቻ ያነጣጠሩትን የተጋጣሚ ጥቃቶች ወደ ራሷ ትስብ ነበር። ከዚህም በላይ ቮልት አብዞርብ የተባለው ተፈጥሯዊ ችሎታዋ የሚመታትን ኤሌክትሪክ ወደ ጤና ይለውጥላታል። አሁን አጠገቧ ጊያራዶስ እንደቆመ ያስቡ፤ ተጋጣሚው ጊያራዶስን ለመጣል የሚልከው ኤሌክትሪክ ወደ እርሷ ይዞርና ይባስ ብሎ ያክማታል፤ ጊያራዶስም ያለ ሥጋት ያጠቃል። ፓቺሪሱ በቁጥር ሲታይ ደካማ ናት፤ በቡድኑ ውስጥ የያዘችውን ቦታ ግን የትኛውም ግዙፍ ዘንዶ ሊሞላው አይችልም ነበር። ይህን ታሪክ የሰሙ አንዳንድ ልጆች በማግስቱ ፓቺሪሱን በቡድናቸው መክተታቸው አልቀረም፤ አጠገቧ በኤሌክትሪክ የሚጎዳ አጥቂ ሳይኖር ግን ሥራ ፈት ሆነች። ወዲያ ማዶ ያለውን መፍትሔ ከችግሩ ነጥሎ መቅዳት ራሱን የቻለ ስህተት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳይ የጥቃት መልክ ነው። ጥቃቶች አካላዊና ልዩ ተብለው ይከፈላሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም የተለያየ መከላከያ አለ። ብሊሲ በልዩ ጥቃት ብቻ የሚደበድባትን ቡድን ቁጭ ብላ ታደክመዋለች፤ የአካላዊ መከላከያዋ መነሻ ቁጥር ግን 10 ብቻ በመሆኑ አንድ ጠንካራ አካላዊ አጥቂ ሊጥላት ይችላል። ስካርሞሪ ደግሞ በተቃራኒው ለአካላዊ ጥቃት ግንብ ነው። ስለዚህ የቡድኑ አጥቂዎች በሙሉ በአንድ መልክ የሚያጠቁ ከሆነ፣ አንድ ግንብ ለስድስቱም ይበቃል። ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ግን ተደጋጋሚ ስህተትም አለ፤ ጊያራዶስ የውኃ ፖኬሞን ስለሆነ ብቻ ሀይድሮ ፓምፕን ማስያዝ። እስከ እ.ኤ.አ. 2006 ድረስ አንድ ጥቃት አካላዊ ወይም ልዩ የሚባለው በዓይነቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እያንዳንዱ ጥቃት የራሱ መልክ አለው። የጊያራዶስ የአካላዊ ጥቃት መነሻ 125፣ የልዩው 60 ነው፤ ስለዚህ ልዩ ከሆነው ሀይድሮ ፓምፕ ይልቅ በጉልበቱ ዝቅ የሚለው፣ አካላዊው ዋተርፎል እጅግ ይበልጥለታል።

አንድ ፖኬሞን የሚይዛቸውን አራት ጥቃቶች ምርጫ በተመለከተም ዓይን የሚስበው ትልቁ ቁጥር ነው። ሀይድሮ ፓምፕ 110 ጉልበት አለው፤ ዒላማውን የሚያገኘው ግን ከመቶ 80 ጊዜ ነው። ሰርፍ 90 ጉልበት ይዞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ዒላማውን ይመታል። ሀይድሮ ፓምፕ በተከታታይ ሁለት ጊዜ የማግኘት ዕድሉ 64 በመቶ ሲሆን፣ ፎከስ ብላስት የተባለውና ከመቶ 70 ጊዜ የሚያገኘው ጥቃት ደግሞ ወደ 49 በመቶ ይወርዳል፤ ሳንቲም ከመወርወር የማይሻል ማለት ነው። አንዱን ጠላት በአንድ ምት ለመጣል ያ ተጨማሪ ጉልበት የግድ ሲያስፈልግ ብቻ ይህን ዕዳ መቀበል ተገቢ ይመስለኛል። ፖኬሞኑ ከራሱ ዓይነት ጋር የሚገጥም ጥቃት ሲጠቀም ጉልበቱ 1.5 እጥፍ እንደሚሆን የሚያውቁ ተጫዋቾች ደግሞ አራቱንም ቦታ በዚያው ዓይነት ይሞሉታል፤ ያን ዓይነት የሚቋቋም አንድ ተጋጣሚ ሲመጣባቸው ምንም ማድረግ አይችሉም።

የሥልጠና ነጥቦችን ማከፋፈል ብዙ ቃል አይፈልግም። በጠቅላላው 510፣ ለአንዱ ችሎታ (ለጤና፣ ለጥቃት፣ ለፍጥነት ወይም ለመሰሉት) ደግሞ ቢበዛ 252 ነጥብ ይፈቀዳል፤ በሌቨል 100 ላይ እያንዳንዱ 4 የሥልጠና ነጥብ የዚያን ችሎታ ቁጥር በ1 ይጨምራል። ለስድስቱም ችሎታዎች እኩል ማካፈል ፍትሐዊ ቢመስልም፣ ፈጣን ያልሆነ አጥቂና ጠንካራ ያልሆነ ግንብ ያስገኛል። ለአጥቂ ጥቃትንና ፍጥነትን፣ ለግንብ ጤናንና አንዱን መከላከያ መሙላት በአብዛኛው ይበቃል።

በፍጥነት ረገድ የሚታየው ስህተት ግን ትንሽ ይረቅቃል። ሁሉም ፈጣን ይሁን ማለቱ ሽባ ለሚያደርጉ ጥቃቶች ያጋልጣል፤ ሽባነት በአሁኖቹ ጨዋታዎች ፍጥነትን በግማሽ ይቀንሳል። ሁሉም ዘገምተኛ ይሁን ማለቱም ያለ ትሪክ ሩም አይሆንም፤ ይህ ስልት ለአምስት ዙር ያህል ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ዘገምተኛውን ያስቀድማል። ከሁሉም የባሰው ግን መካከለኛው መንገድ ነው። ሦስት ፈጣንና እንደ ስኖርላክስ ያሉ ሦስት ዘገምተኞችን አሰልፎ ትሪክ ሩምን መጠቀም፣ ዘገምተኞቹ ሲፈጥኑ ፈጣኖቹን ወደ ኋላ ያስቀራል። አንድ ልጅ በዚህ መንገድ በራሱ ጋርቾምፕ ላይ በር ሲዘጋ አይቻለሁ፤ በፍጥነቱ የሚታወቀው ጋርቾምፕ ቆሞ ሲጠብቅ፣ አራት እጥፍ የሚጎዳው የበረዶ ጥቃት ቀድሞት ደረሰ።

የጨዋታውን ታሪክ ጨርሰው ወደ ውድድር የሚገቡ ሰዎች ደግሞ ሌላ ልማድ ይዘው ይመጣሉ፤ በታሪኩ ውስጥ የመጀመሪያውን ፖኬሞናቸውን ከሌሎቹ አርቀው ስላሳደጉት፣ ብቻውን ሁሉን ሲያንኮታኩት ኖሯል። በይፋዊው የሁለት ለሁለት ውድድር የሁሉም ሌቨል 50 ሆኖ ስለሚቆጠር ያ ብልጫ ይጠፋል። በዚያ ውድድር ከስድስቱ አራቱ ብቻ ተመርጠው ስለሚገቡም፣ ሁልጊዜ የሚሠሩት እነዚያው አራቱ ከሆኑ ቀሪዎቹ ሁለቱ ለቁጥር ማሟያ የመጡ ናቸውና ቡድኑ ገና አልተዋቀረም።

በመጨረሻ የማነሣው አንድ ጊዜ ተሸንፎ ቡድኑን በሙሉ ማፍረስን ነው። ከአንድ ውጊያ የሚገኘው ትምህርት አነስተኛ ነው፤ በተለይ በእኛ ሁኔታ ኔትወርክ ተቋርጦ ሰዓት ያለቀበትን ጨዋታ ከቡድኑ ጥፋት ጋር መቁጠር ቡድኑን መበደል ነው። እኔ ለወንድሜ የመከርሁት አሥር ያህል ውጊያዎችን እንዲመዘግብ፣ የወደቀውን አባልና የወደቀበትን ጥቃት እንዲጽፍ፣ ከዚያም አንድ አባል ብቻ እንዲለውጥ ነበር። ቻሪዛርድን እንዲተው ብለምነውም እንቢ አለኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ይወደዋልና። አልተከራከርሁትም፤ አንድ የሚወዱትን ይዞ ሌላውን በዙሪያው ማዋቀር ነውር የለውም። ጫማው ለቻሪዛርድ ተሰጠ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ውጊያዎች ማግስት ዛፕዶስ ወጥቶ ፌሮቶርን ገባ፤ ቻሪዛርድን የሚጎዱትን ሦስቱንም፣ ማለትም ዓለትን፣ ውኃንና ኤሌክትሪክን የሚቋቋም እርሱ ነውና። ከቀጣዮቹ አሥር በኋላ በድራጎናይት ቦታ ጋርቾምፕ ተተካ። አምስተኛውና ስድስተኛው ቦታ ላይ እስካሁን አልተስማማንም፤ የወንድሜ ደብተር ሦስተኛ ገጽ ግማሽ ድረስ ተሞልቷል።