በሲኤንሲ ራውተር የዕቃን ቅርጽ በፕሮብ እንዴት መቅዳት ይቻላል?

የተቀረጸ እንጨት በእጃችሁ አለ እንበል። መሰሉን መሥራት ትፈልጋላችሁ፣ ፋይሉ ግን የለም። ትንሽ ሲኤንሲ ራውተር፣ ማለትም በኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚቀርጽ ማሽን፣ ካላችሁ ስካነር ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። በመቁረጫው ቦታ ፕሮብ፣ ማለትም ጫፉ ሲነካ ለማሽኑ ምልክት የሚልክ መሣሪያ፣ ታስራላችሁ፤ ማሽኑ ገጹን ነጥብ በነጥብ እየነካ ከፍታውን ይመዘግባል። ቀርፋፋ ሥራ ነው። ነገር ግን የሚያብረቀርቅ፣ ጥቁር ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ዕቃ ሌዘርንና ካሜራን ሲያስቸግር ፕሮብን አያስቸግረውም።

ፕሮቡን ማሰርና መሞከር

የሚያስፈልገው ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ ያለው፣ ከላይም ከጎንም ሲነካ የሚያውቅ ፕሮብ ነው። ብዙዎቹ ውስጣቸው አንድ ዓይነት ነው፦ ሦስት ዘንጎች በስድስት ትንንሽ ኳሶች ላይ ተቀምጠው የኤሌክትሪክ መስመሩን ይዘጋሉ። ጫፉ ሲነካ ዘንግ ይነሳል፣ መስመሩ ይቋረጣል። ይህ ጥሩ ነገር አለው፤ ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ እንደተነካ ቆጥሮ ይቆማል። የማሽናችሁ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ጂአርቢኤል (GRBL) ከሆነ ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮብ $6=1 ብላችሁ ምልክቱን መገልበጥ አለባችሁ። የፕሮቡን ሽቦ ከሞተርና ከስፒንድል (መቁረጫውን ከሚያሽከረክረው ክፍል) ሽቦዎች አርቁት፤ አለዚያ ያልተነካውን ተነካ እያለ ያስቸግራችኋል።

ፕሮቡን ከማሰራችሁ በፊት የስፒንድሉን ኤሌክትሪክ ከሶኬት ንቀሉ። በሶፍትዌር ማጥፋት አይበቃም። በስህተት የገባች አንዲት የኤም3 (ስፒንድሉን አዙር የሚል) ትዕዛዝ ፕሮቡን አሽከርክራ ሽቦውን ትበጥሳለች።

ቀጥሎ ኳሱን አማክሉ። ዲያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ኳሱ ላይ አስጠግታችሁ ስፒንድሉን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ መርፌው እስኪረጋ ድረስ የፕሮቡን ማስተካከያ ብሎኖች አጥብቁ ወይም አላሉ።

ከዚያ በአየር ላይ ሞክሩት። በ ጂ38.2 (እስኪነካ ሂድ በሚለው) ትዕዛዝ ወደ ታች 20 ሚሊሜትር እንዲወርድ እዘዙትና ገና ሲወርድ ጫፉን በጣት ነካ አድርጉት። ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ ወደ ዕቃው አታስጠጉት።

ዕቃውን ማስቀመጥ

በጠረጴዛው ላይ በባለ ሁለት ገጽ ቴፕ ወይም በማያዣ አጥብቁት። በፕሮቡ ግፊት የሚጎደጉድ ነገር፣ ለምሳሌ ያልደረቀ ሸክላ ወይም ለስላሳ ስፖንጅ፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዜሮ ነጥቡን በደንብ የሚታወቅና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አድርጉት፤ ሲያልቅ ትመለሱበታላችሁ።

የነጥቦቹን ርቀት መምረጥ

እዚህ ላይ ሰው ይቸኩላል። 100 በ100 ሚሊሜትር ገጽን በ1 ሚሊሜትር ርቀት ብትነኩ 10,201 ነጥብ ይሆናል። አንዱ ነጥብ 3 ሰከንድ ቢፈጅ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። በ2 ሚሊሜትር ርቀት 2,601 ነጥብ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። በ5 ሚሊሜትር ደግሞ 441 ነጥብ፣ 22 ደቂቃ ገደማ። ስለዚህ መጀመሪያ በ5 ሚሊሜትር ሙሉውን ዙሩ፤ ቅርጹ ይገባችኋል፣ ችግር ካለም ቶሎ ይታያል። ከዚያ ዝርዝር ያለበትን ቦታ ብቻ አጥብባችሁ ድገሙ።

ማሽኑ በእያንዳንዱ ነጥብ በ ጂ38.2 በዝግታ ይወርዳል፣ ይነካል፣ ይነሳል፣ ወደ ጎን ይሄዳል። አደጋው ወደ ጎን ሲሄድ ነው። በ ጂ0 (በተራው የፈጣን ጉዞ ትዕዛዝ) ሲጓዝ ፕሮቡ ቢነካም ማሽኑ አይቆምም። ሁልጊዜ ከዕቃው ጫፍ በላይ መነሳት ያድናል፣ ግን ጊዜ ይበላል። እኔ የምመርጠው ጥቂት ተነስቶ ወደ ጎን በ ጂ38.3 መሄድን ነው። ይህ ትዕዛዝ ሲነካ ይቆማል፤ ምንም ካልነካ ደግሞ እንደ ጂ38.2 አላርም አያነሳም።

ጂአርቢኤል የተነካውን ነጥብ የሚያሳውቀው በማሽኑ መለኪያ እንጂ እናንተ በሰጣችሁት ዜሮ አይደለም። ልዩነቱን መቀነስ አትርሱ።

የኳሱ ጉዳይ

የተመዘገበው ቁጥር የዕቃው ገጽ ሳይሆን የኳሱ ቦታ ነው። ዜሮውን በኳሱ ጫፍ ከያዛችሁ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ችግር የለም። ዳገት ላይ ግን ኳሱ በጎኑ ቀድሞ ይነካል። ኳሱ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው፣ 45 ዲግሪ ባጋደለ ገጽ ላይ ቁጥሩ ከእውነተኛው በ0.41 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፤ በ60 ዲግሪ ደግሞ በ1 ሚሊሜትር። ውጤቱም ጉብታው ይወፍራል፣ ጉድጓዱ ይጠባል። ከኳሱ የጠበበ ስንጥቅ ጭራሽ አይመዘገብም፤ ወደ ውስጥ የገባ ጎንም እንዲሁ።

ደስ የሚለው መፍትሔ አለ። ጫፉ ክብ የሆነ፣ ውፍረቱም ከፕሮቡ ኳስ ጋር እኩል የሆነ መቁረጫ እሰሩ፤ የተመዘገቡትን ነጥቦች ሳትነኩ የመቁረጫው መንገድ አድርጓቸው። ኳሱ የሄደበትን መቁረጫው ይሄድበታል፣ ስህተቱ ራሱን ያጠፋል። ቅጂውን በእጥፍ ማሳደግ ከፈለጋችሁም መቁረጫው እጥፍ መሆን አለበት፤ ለ2 ሚሊሜትር ኳስ 4 ሚሊሜትር መቁረጫ።

እውነተኛ ሞዴል ከፈለጋችሁ ግን ሂሳብ አለ። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የኳሱን ግማሽ ውፍረት ጨምራችሁ መሃሉን ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ገጹ ወደሚያይበት አቅጣጫ በተቃራኒ በዚያው መጠን ወደ ውስጥ ትመልሱታላችሁ። ነጻ ሶፍትዌሮቹ ሜሽላብና ክላውድኮምፔር የገጹን አቅጣጫ ያሰሉላችኋል።

ከነጥብ ወደ ሞዴል

ነጥቦቹን ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ እያለ በመስመር በመስመር በጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ። በክላውድኮምፔር ክፈቱና በዴሎኔ 2.5ዲ (ነጥቦቹን በሦስት ማዕዘኖች ወደ ገጽ በሚቀይረው ትዕዛዝ) አገናኟቸው። ብቻቸውን ሽቅብ የወጡ ነጥቦች ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሐሰት ንክኪዎች ናቸው፤ አጥፉና እነሱን ብቻ ደግማችሁ ንኩ። የማለስለሻውን ቁልፍ ግን በጥንቃቄ፤ ጥሩ ዝርዝርም አብሮ ይጠፋል። በመጨረሻ በኤስቲኤል (የሞዴል ፋይል ዓይነት) አስቀምጡና የመቁረጫውን መንገድ ወደሚያዘጋጀው ካም ሶፍትዌራችሁ አስገቡ።

ዕቃውን ከጠረጴዛው ከማንሳታችሁ በፊት ፕሮቡን ወደ ዜሮ ነጥቡ መልሱና እንደገና ንኩ። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ከተለየ ዕቃው ተንቀሳቅሷል ወይም ሞተሩ እርምጃ ስቷል። ከዚያ አንድ ስፋት በካሊፐር ለኩና ከሞዴሉ ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ከተስማሙ ዕቃውን ፍቱት።