ከአዳማ ሳይወጡ የየአገሩን ሳንቲም መሰብሰብና መለዋወጥ

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የጅቡቲ 50 ፍራንክ አለ። ሁለት ግመሎች ተጠጋግተው ቆመውበታል። የሰጠኝ የከባድ መኪና ረዳት ነው። ወደብ ላይ ሻይ ጠጥቶ የተመለሰለት ዝርዝር ኪሱ ውስጥ ቀርቶ፣ አዳማ ደርሶ ቁልፍ ሲያወጣ አብሮ ዱብ አለ። «እዚህ ምን ይገዛልኛል? ውሰደው» አለኝ። ሳንቲሙ ብርቅ አይደለም፤ ጅቡቲ ውስጥ በየሻይ ቤቱ አለ። ግን ይህን ታሪክ የያዘች ብጣሽ ወረቀት አብራው ስለተቀመጠች፣ ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው።

ሳንቲም መሰብሰብ ለመጀመር ካሰባችሁ ይህን ያዙልኝ። ከየት፣ በማን እጅ፣ መቼ እንደመጣ ያልተጻፈለት ሳንቲም ከሁለት ዓመት በኋላ ተራ ብረት ይሆናል። የተቀረውን ሙያ ቀስ እያላችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ከማን ልጠይቅ?

አዳማ የምትኖሩ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። የጅቡቲ መንገድ የሚያልፈው በደጃችን ነው። የድሮው ባቡርም የአሁኑም በእኛ በኩል ነው የተዘረጋው። የሚያውቀው ሹፌር ወይም ረዳት የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እህት ወይም ጎረቤትም በየሰፈሩ አለች። በእነዚህ ሰዎች መሳቢያ ውስጥ የውጭ ሳንቲም አይጠፋም። ባንክ የወረቀቱን ገንዘብ ይመነዝራል፣ ሳንቲሙን ግን ብዙውን ጊዜ አይቀበልም። መጣሉ ያሳዝናል፣ ገበያ አይወጣ፣ በዚያው ተቀምጦ ይቀራል።

ስትጠይቁ «የውጭ ገንዘብ አለህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰው ምንዛሬ የምትነግዱ ይመስለውና ይሸሻል። «ሳንቲም እሰበስባለሁ፣ ከመንገድ የተረፈህ ዝርዝር ካለ» በሉት። ሁለት ሦስት ሳንቲም ኪሳችሁ ይኑርና አሳዩት። ሰው ሲያይ ነው የሚያስታውሰው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ቡና እያፈላች ወሬው ሳንቲም ላይ ደረሰ። ሲኒዋን አስቀምጣ ጓዳ ገባችና በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዛ መጣች። የኤምሬትስ ድርሃሞች ነበሩ። አንዱን አንስታ ለልጇ «እይው፣ ጀበና አለበት» አለቻት። እውነትም 1 ድርሃም ላይ ያለው ዐረቦቹ ቡና የሚቀዱበት ዕቃ ነው፤ አፉ እንደ ወፍ ምንቃር የሾለ። ልጅቷ ሳንቲሙን ማቶቱ ላይ ከተቀመጠው ጀበናችን አጠገብ ይዛ አስተያየችው። እናትየው በዚያው ስለሠራችበት ቤት ማውራት ጀመረች። ይህን ሁሉ ጊዜ ጎረቤት ሆነን አንድም ቀን ያልሰማሁትን ያን ዕለት ሰማሁ። እኔ የወሰድኩት አንድ ድርሃም ብቻ ነው። ሌላውን ለልጅቷ እንድታስቀምጥላት ነገርኳት። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከአንድ ቤት ሁሉንም ጠራርጋችሁ አትውሰዱ።

ለጀማሪ የምመክረው የመጀመሪያ ግብ ስድስቱ ጎረቤቶቻችን ናቸው፦ ጅቡቲ፣ ኬንያ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኤርትራና ሶማሊያ። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ደቡብ ሱዳን የመጀመሪያ ሳንቲሞቿን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ስድስቱን ሞልታችሁ ስትጨርሱ ሰው መጠየቅም ሳንቲም ማንበብም ለምዳችኋል።

በዕለቱ ጻፉ

ሳንቲሙ እጃችሁ በገባ ቀን ማታ፣ ሳትተኙ በፊት ጻፉ። ነገ እላለሁ ካላችሁ አለቀ፤ ሦስት ሳንቲም ሲደራረብ የትኛው የማን እንደነበር ይጠፋችኋል። ደረቅ ወረቀት፣ እርሳስ፣ አራት መስመር ይበቃል። የእኔ የግመሉ ሳንቲም ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ጅቡቲ። 50 ፍራንክ። ከከባድ መኪና ረዳት፣ አዳማ መናኸሪያ አካባቢ፣ ጥር 2015። ከሻይ የተረፈ መልስ።» ያንኑ ደግሞ በቁጥር ደብተር ላይ አስፍሩት። ወረቀቷ ብትጠፋ ደብተሩ አለ።

ሳንቲሙ ምን ይላል?

አንድ ሳንቲም ፊት፣ ጀርባና ጠርዝ አለው። ጠርዙን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ልጅ ሆነን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እያልን ሳንቲም ስንወረውር ፊትና ጀርባውን እየለየን ነበር። የንጉሡ ዘመን ሳንቲም በአንድ ወገን የንጉሡ መልክ፣ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ ነበረው። ዘውዱ ቀረ፣ ጎፈሩ ግን ዛሬም ሳንቲማችን ላይ አለ።

የዐረብ አገሮቹ ሳንቲሞች መጀመሪያ ላይ ያስቸግራሉ። ቁጥራቸውን ለመልመድ ግን አንድ ከሰዓት ይበቃል። ሁሉም ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች፦ ክብ ሆና የምትታየው ዜሮ ሳትሆን አምስት ናት። ዜሮ ነጥብ ብቻ ናት። ስለዚህ ሰባት ማዕዘን ባለው የኤምሬትስ ሳንቲም ላይ ክብና ነጥብ ካያችሁ 50 ፊልስ ነው። ሁለት ዓመተ ምሕረት ካያችሁም አትደናገሩ፤ አንዱ የሒጅራ፣ አንዱ የፈረንጆች ነው። 1393 እና 1973 ጎን ለጎን ከተጻፉ አንድ ዓመት ናቸው። በሁለት አቆጣጠር ለምንኖር ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይሆንም።

ሥዕሉን ስታዩ «ለምን ይህ ተመረጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። የኬንያን ሳንቲም ውሰዱ። የቆዩት ላይ የመሪዎች ፊት አለ። እ.ኤ.አ. የ2010 ሕገ መንግሥታቸው የማንም ሰው ምስል ገንዘብ ላይ እንዳይወጣ ስለደነገገ፣ በ2018 ባወጡት አዲስ ሳንቲም ፊቱ በእንስሳት ተተካ። 1 ሽልንግ ላይ ቀጭኔ፣ 5 ላይ አውራሪስ፣ 10 ላይ አንበሳ፣ 20 ላይ ዝሆን። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የአንድ አገር ክርክር መዳፋችሁ ላይ ነው።

የማታውቁት ሳንቲም ሲገጥማችሁ ሁለቱንም ገጽ በደንብ ብርሃን ፎቶ አንሱ። ኑሚስታ የሚባለው የሳንቲም ማውጫ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ፤ በአገር፣ በቅርጽና በጽሑፍ ያፈላልጋል። መሃሉ የተበሳ፣ ቢጫና ምንም የምናውቀው ቁጥር የሌለው ሳንቲም ከያዛችሁ መጀመሪያ የጃፓን 5 የን መሆኑን ተመልከቱ።

እባካችሁ አትጠቡት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያጠፋሁት አለ። አያቴ የሰጠችኝ የ1936 ዓ.ም. 50 ሳንቲም ነበረኝ፣ የብር። ጠቁሮ ነበር። ላስደስታት ብዬ በአመድና በሎሚ ፈተግሁት። ነጭ ሆኖ ወጣ፣ እሷም ወደደችው። በማጉያ መነጽር ስመለከተው ግን የአንበሳው ጎፈር ለስልሶ፣ በሥዕሉ ዙሪያ ያለው ልሙጥ ሜዳ ሁሉ በቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል። ያ ጥቁረት ስንት ዓመት የተቀመጠ ልብስ ነበር። አሁን አይመለስም።

ስለዚህ አመድ፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የሽቦ ፍቅፋቂ አይነካው። ጭቃ ከያዘ የተጣራ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ተዉት፣ ከዚያ ሳታሹ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት። ከዚህ አትለፉ።

አያያዙም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የአዳማ ሙቀት እጅን ያልባል፣ ላብ ደግሞ ብረት ላይ የጣት አሻራ አትሞ ይቀራል። እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። ሳንቲሙን በሁለት ጣት ጠርዙን ብቻ ያዙ። ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አንጥፉ፤ ሴራሚክ ላይ የወደቀ ሳንቲም ጠርዙ ይጎዳል።

ማስቀመጫ ለማግኘት አትጨነቁ። ፋርማሲ ክኒን የሚያሽጉባት ዚፕ ያላት ትንሽ ፌስታል ጥሩ ናት። አንድ ሳንቲም፣ አንድ ፌስታል፣ ወረቀቷ ከጀርባ። ሳንቲም በሳንቲም ላይ አይደራረብ። ለስላሳና ሲከፈት ኃይለኛ የፕላስቲክ ሽታ ያለውን የካርድ አልበም ግን ተዉት። እንዲህ ያለው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር እያወጣ ሳንቲሙን ይበላዋል። ጎማ ላስቲክም የብር ሳንቲም ያጠቁራል፤ አትሰሩበት።

የእኛን ሳንቲም አትናቁት

ዛሬ አምስት ሳንቲም ምንም አይገዛም። ስሙኒና ሽልንግም (25 እና 50 ሳንቲሙ) እንዲሁ። ከውጭ ሰብሳቢ ጋር ለመለዋወጥ ግን ዋናው ሀብታችሁ እሱ ነው። በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፷፱ ተብሎ ዓመቱ የተጻፈበት ሳንቲም ለውጭ ሰው ብርቅ ነው። መሳቢያችሁን ፈትሹ። 1 ሳንቲም ላይ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ 5 ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ 10 ላይ ኒያላ ታገኛላችሁ። 2002 ዓ.ም. የተጻፈበት ባለ ሁለት ቀለም 1 ብር ደግሞ ሚዛን አለበት።

አንድ ሙከራ ላሳያችሁ። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጡ። የ1969ኙን ስሙኒ አስጠጉ፣ አይነካውም። የ1996ቱን ወይም የ2000ውን አስጠጉ፣ ጥብቅ ይላል። ሥዕሉ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ወደ ብረት ተቀይሯል። የ1969ኞቹም ቢሆኑ ሁሉም አንድ አይደሉም፤ የአንበሳው አገጭ ሥር ያለውን ጸጉር በማጉያ እዩት። አንዳንዱ ላይ ሁለት ረዣዥም ጸጉሮች ዓመቱ ድረስ ሊደርሱ ምንም አይቀራቸውም፣ ሌላው ላይ ሁሉም እኩል ነው።

ከሁሉ የምወደው የ1936ቱ ስሙኒ ነው። የመዳብና ክብ ነበር። ሽልንጉ የብር ነው፣ መጠናቸውም ይቀራረባል። አንዳንዱ ስሙኒውን ብር እየቀባ ሽልንግ ነው ብሎ ያሳልፍ ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የስሙኒው ዙሪያ እንደ አበባ ቅጠል ወጣ ገባ ተደርጎ ተሠራ። ጨለማ ውስጥ እንኳ በጣት ይለያል። ሽልንግ የሚለው ስም ራሱ እንግሊዞች በነበሩበት ጊዜ እዚህ ከሚሠራበት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ የቀረ ነው። ያኔ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ነበር።

ጠገራ ብርና የጥንት ሳንቲም

ገበያ ወጥታችሁ ጠገራ ብር «ከ200 ዓመት በላይ ነው» ብለው ቢያሳዩአችሁ ረጋ በሉ። ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ትሬዛ መልክ ያለበት የድሮ የብር ሳንቲም ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እያተሙ ቀጥለዋል፤ በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር። ስለዚህ ዓመቱ ዕድሜውን አይነግራችሁም። ወርቅ ቤት ሄዳችሁ አስመዝኑት፤ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ማግኔት አይስበውም። ጠርዙ ላይ ጎላ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለው፤ ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ አትግዙ።

የአክሱም ሳንቲም ነው የሚል ሰው ከመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። እውነተኛ ከሆነ ቅርስ ነው፣ በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይጠበቃል። ሐሰተኛ ከሆነ ደግሞ ተታላችኋል። በሁለቱም መንገድ አትግዙ። እርሻ ሲቆፈር የተገኘ ከሆነ ለአካባቢያቸው የባህልና የቅርስ መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቁ ንገሩ።

ማካፈል

ትርፍ ስታገኙ መለዋወጥ ጀምሩ። አንድ ለአንድ ተለዋወጡ፣ የባንክ ተመን አታስቡ። መቶ ፍራንክ በአንድ ስሙኒ ቢሄድ ማንም አልተጎዳም። ለሕፃን ልጅ ግን ሁልጊዜ ጨምራችሁ ስጡ። ሰው ፊት ስታወጡ ፎጣው ላይ አምስት ስድስት ብቻ ደርድሩ። መቶ ሳንቲም ሲበተን ማንም አንዱንም አያይም፣ መጨረሻ ላይም አንዷ ትጎድላለች። ልጆች ጠርዙን ይዘው እንዲያነሱ አስተምሯቸው፣ ማግኔቱንም ስጧቸው።

የወረቀቷን ነገር ስትለዋወጡም አትርሱ። ሳንቲሙን ስትሰጡ ታሪኩን ገልብጣችሁ አብራችሁ ስጡ፣ የሚሰጣችሁንም እንዲሁ ጠይቁ።

በፖስታ ለመላክ ካሰባችሁ መጀመሪያ ፖስታ ቤት ጠይቁ። ሳንቲምና የወረቀት ገንዘብ ዋስትና ባልተገባለት ተራ ደብዳቤ ውስጥ መላክ በዓለም አቀፉ የፖስታ ደንብ የተከለከለ ነው። የእኔ መንገድ ሰው ነው። ያ ረዳት በሌላ ጉዞው ወጣ ገባ ጠርዝ ያለውን ስሙኒ ከነወረቀቱ ይዞልኝ ወደብ ሄደ፤ ለሻይ ሻጯ ልጅ ነበር የላክሁት። ሲመለስ መርከብ ያለበት 20 ፍራንክ አመጣልኝ። በደብተር ቅዳጅ ተጠቅልሎ ነበር፣ ላዩ ላይ በፈረንሳይኛ በልጅ እጅ ጽሑፍ ሦስት መስመር አለ። ወረቀቱን አብሬ ነው ያስቀመጥኩት።