ከሩጫ በኋላ አልለቅ ያለ ድካም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በጠዋት እንጦጦ ወይም መስቀል አደባባይ ሮጠው ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች ድካሙ አልለቅ ሲላቸው ልምምዱን ይቀንሳሉ፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ያቆማሉ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከሮጣችሁ በኋላ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን በላችሁ?

እግር ቀኑን ሙሉ ይዝላል፣ በማግስቱም ይከብዳል

ጡንቻ ለሩጫ ያጠራቀመው ስኳር አልቋል፤ የሚተካው ግን አላገኘም። ሻወር፣ ታክሲ፣ ቢሮ፣ አንድ ማኪያቶ፤ ደህና ምግብ የሚገኘው 6 ሰዓት ላይ ነው።

በሮጣችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብሉ፤ በተለይ ማታ ወይም በማግስቱ የምትደግሙ ከሆነ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬትና 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ጥሩ መነሻ ነው። ሁለት ሙዝ ከትንሽ ዳቦ ጋር፣ ሁለት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ይህን ይሞላል። መንገድ ላይ ከሆናችሁ በሶ ያዙ። ደረቁን ከስኳር ጋር ኮዳ ውስጥ ጨምሩ፤ ስትጨርሱ ውሃ አድርጋችሁ በጥብጡት። ውድ የፕሮቲን ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ለሁለት ሳምንት ሞክሩት።

ምግብ አልገባ ካላችሁ አታስገድዱት። ትንሽ ተራመዱ፣ ከዚያ አጥሚት ወይም ወተት ፉት በሉ።

ራስ ምታት

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩም ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ ላቡ ሳናየው ይተናል። ስለዚህ ብዙ ውሃ ማጣታችን አይታወቀንም። አንድ ቀን ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። 1 ኪሎ ከቀነሳችሁ ወደ 1 ሊትር ውሃ ወጥቷል ማለት ነው። በቀጣዮቹ ሰዓታት አንድ ሊትር ተኩል ያህል ቀስ እያላችሁ ጠጡ፤ ምግብም ብሉበት። ልብሳችሁ ላይ ነጭ የጨው ምልክት ከቀረ ውሃ ብቻውን አይበቃም። በ1 ሊትር ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ሎሚ ጨምሩ።

ብዙ ውሃ ጠጥታችሁ ሆድ ከተነፋ፣ ካቅለሸለሸና ራስ ምታቱ ከባሰ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የደም ጨው ቀጥኗል። ውሃውን አቁሙ፣ ጨው ያለው ነገር ቅመሱ። ሰውዬው ግራ ከተጋባ ወይም ከዘባረቀ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

እንደ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ ለመዋጥ አትቸኩሉ። ውሃ የጎደለው ሰውነት ላይ ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ።

በጾም ወቅት ጉልበት ይከዳል

ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ብዙ ሰው በዐቢይ ጾም ሩጫውን የሚተወው መላ ስላጣ ብቻ ነውና። ችግሩ ሥጋና ወተት መቅረቱ አይደለም። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሽሮ፣ ክክ፣ ባቄላ ሁሉም ይሠራሉ፤ እንጀራው ደግሞ ጉልበቱን ይሰጣል። የሚጎዳው በጠዋት ጠንክሮ ሮጦ እስከ 6 ወይም 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል ነው።

ስለዚህ ሰዓቱን ቀይሩ። ከባዱን ሩጫ ጾም ከመፈታቱ ጥቂት ቀደም ብላችሁ ሩጡ፤ እንደጨረሳችሁ ማዕዱ ይጠብቃችኋል። ሥራ ካልፈቀደ የጠዋቱን ቀላልና አጭር አድርጉት፣ ከባዱን ለማታ አቆዩት። ማታ ሰላጣ ብቻ በልቶ መተኛት ግን አይሆንም፤ ምስሩን ወይም ሽሮውን ጨምሩበት።

ድካሙ ለሳምንታት ከዘለቀ፣ ዳገት ላይም ትንፋሽ ካጠረ

የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል፤ የወር አበባ የሚበዛባቸው ሴቶች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ከበላችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት አሳልፉ። ምስር ስትበሉ ሎሚ ጭመቁበት ወይም ብርቱካን አስከትሉ። ክኒን ከመጀመራችሁ በፊት ግን ደማችሁን አስመርምሩ፤ ፌሪቲንም (ሰውነት ያጠራቀመውን ብረት የሚያሳየው ልኬት) ይታይላችሁ።

ሽንት ከጠቆረ

ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ውሃ ያስፈልጋችኋል። ከከባድ ሩጫ በኋላ እንደ ኮካ ከጠቆረና ጡንቻው አብጦ በጣም ካመመ ግን ጡንቻው ተጎድቶ ኩላሊትን እያስቸገረ ሊሆን ይችላል። እቤት ውሃ እየጠጣችሁ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።