ሦስት ሳምንት ቀርቶ ለጂማት መዘጋጀት፦ ጊዜ ሲያጥር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኤምቢኤ (የንግድ አስተዳደር ማስተርስ) ማመልከቻው ቀነ ገደብ ደርሶ ለመግቢያ ፈተናው ለጂማት የቀረዎት ሦስት ሳምንት ገደማ ከሆነ፣ ከትምህርቱ ክብደት ይበልጥ የሚጎዳዎት በጥድፊያ የሚወስኑት ነገር ነው። እኔም በዚሁ አልፌያለሁ። በኋላ ሲዘጋጁ ያገዝኳቸው ሰዎችም እዚያው ቦታ ላይ ሲሰናከሉ አይቻለሁ። ስድስት ወር ያለው ሰው ተሳስቶ ለመመለስ ጊዜ አለው፤ እርስዎ ግን አንዷ ስህተት ሳምንት ትወስድብዎታለች።

በአሮጌ መጽሐፍ መጀመር

ከጓደኛ የተገኘ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ የተለመደ ነው። ፈተናው ግን እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ተቀይሯል። ድርሰቱ፣ የዓረፍተ ነገር ማረሚያው፣ የሦስት ማዕዘንና የክብ ጂኦሜትሪው ወጥተዋል። አሁን ያለው ኳንት (ሒሳብ) 21፣ ቨርባል (ንባብና የሙግት ትንተና) 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ (መረጃን መተንተን) 20 ጥያቄ ሲሆን ለእያንዳንዱ ክፍል 45 ደቂቃ ይሰጣል። የነጥቡ መለኪያም ተለውጦ ከ205 እስከ 805 ሆኗል፤ የድሮው 700 ዛሬ ከ645 ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ቀደም ብሎ የተፈተነ ሰው «700 አምጣ» ቢልዎት ቁጥሩን እንዳለ አይውሰዱት።

የልምምድ ፈተናውን ለመጨረሻ ማቆየት

«መጀመሪያ ትንሽ ላንብብ፣ ከዚያ ራሴን እፈትናለሁ» ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሁለት ሳምንት ኳንት ላይ ተቀመጥኩ። ሰባት ቀን ሲቀረኝ የልምምድ ፈተና ስወስድ ኳንቱ ድሮም ደህና እንደነበር፣ የጎተተኝ ቨርባል መሆኑን አየሁ። ያ ሁለት ሳምንት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የፈተናው ባለቤት ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተና በነጻ ይሰጣል። አንዱን በመጀመሪያው ቀን፣ ምንም ሳያነቡ፣ ሰዓት ይዘው ይውሰዱ። ውጤቱ ዝቅ ቢል አይደንግጡ፤ የሚፈልጉት ነጥቡን ሳይሆን ሦስቱ ሳምንታት የት መዋል እንዳለባቸው የሚያሳይዎትን ነው። ሁለተኛውን ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ይውሰዱት።

ጥያቄ መቁጠር

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው፤ ትጉህ ሰው ይበልጥ ይሳሳተዋል። በቀን 80 ጥያቄ ሠርቶ፣ መልሱን አይቶ፣ «አሃ፣ ገባኝ» ብሎ ያልፋል። በሳምንቱ ያው ጥያቄ ቁጥሩ ተቀይሮ ሲመጣ እንደገና ይሳሳታል። መፍትሔውን ሲያነቡ የገባዎት የሌላው ሰው አካሄድ ነው፤ የእርስዎ አካሄድ የት ላይ እንደጠመመ ገና አላዩም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የአንድ ዕቃ ዋጋ በ20 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ በ20 በመቶ ቀነሰ። የመጨረሻው ዋጋ ስንት ሆነ? የቸኮለ ሰው «እንደነበረው» ይላል። ነገር ግን 100 የነበረው 120 ይሆናል፤ የ120 20 በመቶ 24 ስለሆነ 96 ላይ ያርፋል። የተሳሳቱትን በሚመዘግቡበት የስህተት ደብተርዎ ላይ «ፐርሰንት ይቀረኛል» ብለው ቢጽፉ አይጠቅምዎትም። «ሁለተኛው 20 በመቶ ከ120 ላይ እንደሚሰላ አላየሁም፤ ፐርሰንት ባየሁ ቁጥር ‹ከምን ላይ?› ብዬ ልጠይቅ» የሚለው ግን በሚቀጥለው ጊዜ እጅዎን ይይዝዎታል። ከሦስት ቀን በኋላ መፍትሔውን ሳያዩ ያንኑ ጥያቄ ደግመው ይሥሩት። በቀን 25 ጥያቄ በዚህ መንገድ ቢሠሩ ከ80ው ይበልጥብዎታል፤ በዚህ አልጠራጠርም።

ዳታ ሰፊሸንሲን እስከ መጨረሻው ማስላት

ይህ የጥያቄ ዓይነት የሚጠይቀው መልሱን ሳይሆን፣ የተሰጠው መረጃ መልሱን ለማግኘት መብቃት አለመብቃቱን ነው። «ኤክስ ስንት ነው?» ይላል። አንደኛ፣ የኤክስ ስኩዌር 16 ነው። ሁለተኛ፣ ኤክስ ከዜሮ ያንሳል። አንደኛው ብቻውን 4 ወይም ከዜሮ በታች 4 ስለሚሰጥ አይበቃም። ሁለተኛውም ብቻውን አይበቃም። አብረው ግን ይበቃሉ። ብዙ ሰው አንደኛውን እንዳየ 4 ብሎ ይቸኩላል፤ ሌላው ደግሞ መብቃቱን ካወቀ በኋላ ሁለት ደቂቃ ሲያሰላ ይቆያል። እንደበቃ ካወቁ እዚያው ያቁሙ።

ካልኩሌተር ይዞ ኳንት መለማመድ

በፈተናው ካልኩሌተር ያለው ዳታ ኢንሳይትስ ላይ ብቻ ነው። ኳንትን ከመጀመሪያው ቀን በወረቀት ይሥሩ።

አንድ ጥያቄ ላይ እልህ መያዝ

ኳንት ላይ ለአንድ ጥያቄ የሚደርስዎት ሁለት ደቂቃ ከትንሽ ሰከንድ ነው። አንዱ ላይ አምስት ደቂቃ ከቆዩ ከኋላ ያለውን ቀላል ጥያቄ ጊዜ እየበሉ ነው፤ ሳይመልሱ የቀሩት ጥያቄ ደግሞ ነጥብ ይቀንሳል። እኔ የማስይዘው መለኪያ በ15 ደቂቃ 7 ጥያቄ የሚል ነው። ካልሆነልዎት በግምት አንዱን መልስ መርጠው፣ ምልክት አድርገው ይለፉ። ክፍሉን ጨርሰው ጊዜ ከተረፈዎት ተመልሰው እስከ ሦስት መልስ መቀየር ይችላሉ። ይህንን ማለፍ ግን ቤት ካልተለማመዱት ፈተናው ላይ እጅዎ አይታዘዝም።

የቀን ስሌቱን መርሳት

ጂማትን በድጋሚ ለመውሰድ ቢያንስ 16 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ፈተናውን ቀነ ገደቡ ጫፍ ላይ ካስያዙ ሁለተኛ ዕድል የለዎትም። ይፋዊው ውጤትም በዚያው ዕለት አይወጣም፤ ቀናት ይፈጃል። ሲመዘገቡ ስምዎ በፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መሆኑን ያረጋግጡ። ትምህርት ቤቱ በጂማት ፈንታ ጂአርኢ የተባለውን ሌላ የመግቢያ ፈተና ይቀበል እንደሆነ ወይም ፈተና ጭራሽ የማይጠይቅ እንደሆነም ዛሬውኑ ይዩ።

አንድ ሳምንት ሲቀር የወሰዱት ሁለተኛ የልምምድ ፈተና ከሚፈልጉት ነጥብ በጣም ከራቀ፣ ትምህርት ቤቱ ሌላ የማመልከቻ ዙር ካለው ወደዚያ ማዘዋወርን በቁም ነገር ያስቡበት። ከቀረበ ግን አዲስ ነገር መጀመሩን ይተዉና በቀሩት ቀናት የስህተት ደብተርዎን ብቻ ያንብቡ፤ ሦስቱን ክፍሎች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚወስዱም ያኔውኑ ይወስኑ፤ ምርጫው የእርስዎ ነው።